ሞት ተፈርዶባቸው ያልሞቱት፦ የደርግ ባለሥልጣናት መዝገብና የሞት ቅጣት ክርክር

በ1999 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ጥር 3 ቀን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና አብረዋቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉ የደርግ ሹማምንትን፣ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀውን የሞት ቅጣት ትቶ በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የደኅንነት ሹሙን ክንፈ ገብረ መድኅንን በ1993 ዓ.ም. ተኩሶ የገደለ አንድ ሻለቃ የሞት ፍርዱ ተፈጸመበት። የመጀመሪያው መዝገብ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞት የተቆጠረበት ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ሰው። ከዚያ ቀደም በሞት የተቀጣውም የጄኔራል ኃየሎም አርአያ ገዳይ ነበር። ሕጉ የሞት ቅጣት እጅግ ለከበደ ወንጀል ብቻ ነው ይላል። በተግባር ግን ቅጣቱ የተፈጸመው በወንጀሉ ክብደት ሳይሆን በሟቹ ማንነት ልክ ይመስላል።

ስለ ሞት ቅጣት ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናነሣው በስሕተት የተፈረደበትን ንጹሕ ሰው ነው። ለተቃዋሚው ቀላል መንገድ ነው፤ ንጹሕ ሰው ይገደል የሚል የለምና። የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አይሰጥም። ፊርማቸው ያረፈበት የግድያ ትእዛዝ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። የሞት ቅጣትን የሚቃወም ሰው በእውነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ደጋፊውም አይቀርለትም፤ ቅጣቱ ለእነዚህ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማንሣት ወደ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. መመለስ ግድ ነው። በዚያ ሌሊት ስልሳ የሚሆኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች አለቁ። የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣም በመካከላቸው ነበሩ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው በተደረገ ተኩስ ሞቱ፤ ሌሎቹ በከርቸሌ ተረሸኑ። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ጠበቃ አልቆመላቸውም፣ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ደርግ በስብሰባ ወስኖ በማግስቱ በሬዲዮ አስነገረ። ያ ወህኒ ቤት፣ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ክፍል የነበረበት፣ ከጊዜ በኋላ ፈርሶ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በቦታው ቆሟል።

በነሐሴ 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሞቱ ተባለ። ምክንያቱ ሕመም እንደሆነ ተነገረ፤ አጽማቸው ግን በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ከዚህ መካከል በ1969ና በ1970 የነገሠው ቀይ ሽብር ነው። ያንን ዘመን ያየ ሰው «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን አነጋገር ሲሰማ ዛሬም ያንገሸግሸዋል። ሬሳ በየአስፋልቱ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ያድር ነበር። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች አሉ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእነዚያ ወጣቶች የራስ ቅልና አጽም በመስታወት ሣጥን ተደርድሯል፤ አንዳንዱ አጽም የተገኘው ከነታሰረበት ገመድ ነው። አራት ልጆቿን ያጣች አንዲት እናት ሁሉንም በአንድ ሌሊት የወለደቻቸው ይመስል በአንድ ሌሊት እንደጨረሱባት የተናገረችው ቃልም እዚያ ተጽፏል።

እንግዲህ የሞት ቅጣት ደጋፊው ክርክሩን የሚጀምረው ከዚች እናት ነው፤ ደግሞም ልክ ነው። ቅጣት ማስተማሪያ ወይም ማስፈራሪያ ብቻ ሳይሆን ለተበደለ ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው ይላል። በአገራችን ይህ አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። በድሮው ሥርዓት ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወገን ደሙን ይመልሳል ወይም የደም ካሳ ተቀብሎ ይታረቃል። ልብ በሉ፣ በዚያ ሥርዓት ምርጫው የሟች ቤተሰብ ነበር። መግደልም መማርም በእነርሱ እጅ ነበር። ዘመናዊው መንግሥት ይህን ሥልጣን ከቤተሰቡ እጅ ወስዶ ለራሱ አደረገው። ቂም በቀል እንዳይስፋፋ ብሎ ነውና ማድረጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥልጣኑን ሲወስድ ኃላፊነቱንም አብሮ ወስዷል፤ ሊገድል ነው ወይስ ሊምር፣ ለምንስ እንደሆነ በግልጽ የመናገር ኃላፊነት። የዚህ መዝገብ ጉድለት፣ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞ ከአምስት ሺህ በላይ ሰዎችን ከሰሰ። የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ቀረው እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። በመካከሉ እስር ቤት ውስጥ የሞቱ ተከሳሾች አሉ። የክሱ መሠረት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ዘር ማጥፋት ይለዋል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዚህ ነጥብ ተለይተዋል፤ ሰዎቹ አልገደሉም ሳይሆን ወንጀሉ ዘር ማጥፋት አይባልም ነው የልዩነቱ ፍሬ ነገር። ለእስራት ቅጣት ይህ የሕግ ሊቃውንት ክርክር ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ሞት ለሚያስቀጣ ክስ ግን ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ የተሰየመ ወንጀል ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአንድ ወር በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሞትን ትቶ ዕድሜ ልክን ሲመርጥ የጠቀሰው የተከሳሾቹን ዕድሜና የጤና ሁኔታ ነው። ይህን ምክንያት ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ አይዋጥልኝም። ሰዎቹ ቀይ ሽብርን ሲያውጁ አብዛኞቹ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ መኮንኖች ናቸው። ያረጁት ችሎቱ ስለዘገየ ነው። ታዲያ የፍርዱ መጓተት ራሱ ማቅለያ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዕድሜና ጤና ስለ ተቀጪው የሚናገሩ ነገሮች ናቸው እንጂ መንግሥት ሰው የመግደል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ አንዳች መልስ አይሰጡም። ጤነኛ ቢሆኑ ይገደሉ ነበር? ፍርዱ ቢነበብ መልሱ «አዎ» የሚል ይመስላል።

ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ጠየቀ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ቅጣት ሽሮ በመንግሥቱና በአሥራ ስምንት ሌሎች ላይ ሞት ፈረደ። መንግሥቱ በሌሉበት ነው የተፈረደባቸው፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ከወጡ ጀምሮ በዚምባብዌ ናቸው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ግን በእጅ ያሉ እስረኞች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው የሞት ፍርዱን ሰምተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የሟቾቹ ቤተሰቦችም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ምንም አልሆነም።

ምንም ያልሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 መሠረት የሞት ፍርድ ርእሰ ብሔሩ ካላጸኑት በቀር አይፈጸምም። ስለዚህ ፋይሉ ከዳኞች ጠረጴዛ ወደ ቤተ መንግሥት ይሻገራል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል። አንቀጽ 15 ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን አያጣም ብሎ ለሞት ቅጣት በሩን ክፍት ይተዋል። አንቀጽ 28 ግን ልዩ ነው። ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ ሰውን መሰወር፣ ኢሰብዓዊ ድብደባ በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፉም ይላል። ቀጥሎ ባለው ንዑስ አንቀጽ አንዲት ቀዳዳ ይተዋል፦ በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊያሻሽለው ይችላል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉ ሰዎች በ1987 ዓ.ም. ይህን ሲያስገቡ በአእምሯቸው ማንን እንደያዙ መገመት አያስቸግርም፤ ችሎቱም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው።

በ2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት እምነት መሪዎች ሽማግሌ ሆነው ወደ መንግሥት ቀረቡ። እስረኞቹ ሕዝቡን ይቅርታ ለመጠየቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ከሽማግሌዎቹ ፊት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ናቸው። እርሳቸውን ጳጳስ አድርገው የሾሙት በደርግ የተገደሉት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ሹመቱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ተደረገ ተብሎም አቡነ ጳውሎስ በደርግ እስር ቤት ለዓመታት ታስረዋል። የሾሟቸውን አባት ለገደለ መንግሥት ሹማምንት ምሕረት ለመኑ። ይህን የክርስትና ከፍታ ነው የሚል አለ፤ የፖለቲካ ጉዳይ ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱንም አልክድም። ግን የታሰረ ሰው ያሰሩትን ይማሩልኝ ሲል ቢያንስ በራሱ በደል ላይ የመናገር መብት አለው። ችግሩ ሽማግሌው የሌላውን ሰው በደልም ይቅር ሲል ነው።

የሰማዕታቱ ቤተሰቦች የተቃወሙትም በዚሁ ነጥብ ነበር። ተቃውሟቸው ሁሉ «ይሰቀሉ» የሚል አልነበረም። ብዙዎቹ ያሉት ይቅርታ የሚጠየቀው ተበዳይ ነው የሚል ነው። ልጄን የት ቀበራችሁት? ማን አዘዘ? ማን ተኮሰ? ይህ ሳይነገር ምን ይቅር ይባላል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሽምግልና ባህላችንም ቢሆን ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤት ደጃፍ ይቆማል እንጂ ለገዢው አቤት ብሎ አይታረቅም።

በግንቦት 2003 መጨረሻ ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በዚህና በሌሎች መዝገቦች ሞት የተፈረደባቸው የሃያ ሦስት የደርግ ባለሥልጣናትን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አብዛኞቹ ከእስር ወጡ። እንዴት? አንቀጽ 28 ይቅርታን ይከለክል የለም? ይከለክላል፤ ነገር ግን የወጡት በይቅርታ ሳይሆን በአመክሮ ነው። በወንጀል ሕጉ መሠረት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እስረኛ ሃያ ዓመት ከታሰረ በኋላ አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል። እነርሱ የታሰሩት በ1983 ነው፤ ሃያ ዓመቱ የሞላው ልክ በ2003 ነው። የሂሳቡን አቀማመጥ ልብ ብሎ ያየ ሰው ትንሽ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሞት ፍርዱ ባይሰጥና የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ቢጸና ኖሮም የሚወጡት በዚያው ሰሞን ነበር። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሞት ውሳኔ የተረፈው ፍሬ የሦስት ዓመት ፍርሃት ብቻ ነው፤ ለእስረኞቹም ለልጆቻቸውም። ለሟች ቤተሰቦች ደግሞ የሦስት ዓመት የተታለለ ተስፋ።

አመክሮ ቅድመ ሁኔታ አለው። እስረኛው መልካም ጠባይ ማሳየት አለበት፤ የተበደለውንም ሰው በሚቻለው መጠን ሊክስ ይገባዋል። በዚህ መዝገብ ካሳው ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም፤ ቢያንስ የሚያውቁትን ሁሉ በችሎት ፊት መናገር ይሆን ነበር። ከወጡት መካከል ትዝታቸውን በመጽሐፍ ያሳተሙ አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ትዝታ በራስ ብዕር ይጻፋል፣ ምስክርነት በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል።

ሁሉም በእስር ቤት አልነበሩም። በ1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በያዘበት ሰሞን አራት ሰዎች በጣሊያን ኤምባሲ ግቢ ገብተው ነበር፤ መንግሥቱ ከሸሹ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አገር የመሩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይሉ ይመኑ፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብርሃኑ ባይህ። ኢትዮጵያ ስጡኝ አለች፤ ጣሊያን ሞት ሊፈረድባቸው ይችላልና አልሰጥም አለች። የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሌላ ጉዳይ የሞት ቅጣት ላለበት አገር፣ አይገደልም የሚል ዋስትና ቢሰጥ እንኳ፣ ሰው አሳልፎ መስጠትን ከልክሏል። አቡነ ጴጥሮስን በአደባባይ የረሸነች፣ የካቲት 12ን ያደረሰች አገር ዛሬ በሕይወት መብት ስም እኛን ስታስተምር ደም የሚያፈላባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ስሜቱ ይገባኛል። ክርክር ግን አይሆንም፤ ትናንት የገደለ ዛሬ አልገድልም ቢል የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም።

ያም ሆኖ የግቢው ታሪክ ለማንም አላማረም። ኃይሉ ይመኑ በ1980ዎቹ አጋማሽ ራሳቸውን አጠፉ። ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በ1996 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። ሁለቱ በ2000 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው ከግቢው ሳይወጡ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆዩ፤ በመጨረሻ የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮ በታኅሣሥ 2013 ፍርድ ቤት በአመክሮ ለቀቃቸው። ኤምባሲው ወህኒ አልነበረም፤ ቆይታቸው ግን ጓደኞቻቸው በእስር ካሳለፉት ዘመን በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል። የሞት ቅጣት በሕግ ባይኖር ኖሮ ጣሊያን አሳልፋ የማትሰጥበት ምክንያት አይኖርም ነበር፤ በሌሉበት መፈረድም አይኖርም፤ ከእነርሱ አንደበት ስለ ጦሩና ስለ ውጭ ጉዳይ የሚሰማው ሁሉ በ1987 ችሎት ይሰማ ነበር። ለከባድ ወንጀል ፍትሕ ያስገኛል የተባለው ቅጣት በዚህ መዝገብ ፍትሕን በር ላይ አስቁሞ ከለከለ።

ለእኔ ከመዝገቡ የሚወጣው ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። የስሕተት ፍርድ ጉዳይ እዚህ አይመለከትም። ማስፈራሪያነቱም አይሠራም፤ አገር በእጁ የገባ ገዢ ወንጀል ሲሠራ አንድ ቀን እፈረድ ይሆን ብሎ አያሰላም። ካሰላም የሚደርሰው ተቃራኒ ድምዳሜ ላይ ነው፤ ገመድ የሚጠብቀው ሰው ሥልጣን አይለቅም፣ ከለቀቀም የሚሸሸው ወደማይሰጡት አገር ነው። የቀረው የዕዳ ክርክር ብቻ ነው፤ እርሱም ከባድ ነው፣ የዚያች እናት ቃል ነውና። ግን ዕዳው ለእርሷ ከሆነ የሚከፈላትን መጠየቅ የነበረባት እርሷ ነበረች። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለ ደም ግፊትና ስለ ዕድሜ አሰበ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ወንጀሉ ክብደት፤ ፕሬዝዳንቱ ስለ ሽማግሌዎቹ ልመና፤ ኤምባሲው ስለ ጣሊያን ሕገ መንግሥት። መግደል ነውር ነው ብሎ የተናገረ የኢትዮጵያ ተቋም በዚህ ሁሉ ዓመት አልነበረም፤ ይገባቸዋልና እንገድላቸዋለን ብሎ የቆመም አልነበረም።

ሰዎቹ አለመገደላቸው አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የቅጣቱ መለወጥ በጽሕፈት ቤት ፊርማ ማለፉ ነው። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። ርእሰ ብሔሩ የሞት ፍርድ ከማጽናታቸውም ከመለወጣቸውም በፊት የተበዳዮች ቤተሰቦች ቀርበው በይፋ የሚሰሙበት፣ ቅጣቱ እንዲለወጥለት የሚሻም ሰው የሚያውቀውን በቃለ መሐላ የሚናገርበት ግዴታ በሕግ ቢደነገግ የአንቀጽ 28ን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ግን ባዶ እጁን የሚያልፍባት አይኖርም። ደንቡ ለወደፊቱ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የመንግሥቱ የሞት ፍርድ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ያስጠጋቻቸው ዚምባብዌ በ2024 መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰርዛለች፤ ስለዚህ አሳልፋ እንድትሰጣቸው ብትጠየቅ ከጣሊያን ጋር የነበረው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። አዲስ አበባ ያን ጊዜ የምትሰጠው መልስ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይችላል።